ከአባይ አፋፍ እስከ ሰባራ ድልድይ
የምሥራቅ ጎጃም ታሪካዊ ሥፍራዎች

ስለ ኢትዮጵያ ታሪካዊ ሥፍራዎች ሲነሣ በቅድሚያ ወደ ብዙ ሰው ሕሊና የሚመጡት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንቦች ናቸው። ይህ ዝና የሚገባቸው መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ዝናው በእነዚህ ላይ ብቻ በመወሰኑ፣ የአገሪቱን ትምህርት፣ ንግድና ነፃነት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩ ሌሎች ሥፍራዎች ከመንገደኛው ዓይን ተሰውረው ቀርተዋል። ከእነዚህም አንዱ ከአባይ አፋፍ ከደጀን ተነሥቶ፣ በአንድ ወገን በአምበር በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ በሌላ ወገን በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም አገር ነው።

በአውሮፓ አገሮች የአንዲት ንግሥት ደብር ወይም አንድ የፈረሰ ድልድይ የሚገኝበት መንደር፣ ስሙ በመንገድ ካርታ ላይ ተመልክቶ፣ ታሪኩም በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለእንግዳ ይቀርባል። የምሥራቅ ጎጃም ደብሮችና ድልድዮች ግን ይህን ዕድል ገና በሚገባ አላገኙም። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህ ሥፍራዎች ለጎብኚ ዓይን ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ደብሩ ዛሬም ይቀደስበታል፤ ጉባኤ ቤቱ ዛሬም ያስተምራል፤ መሻገሪያውም ዛሬም ገበያተኛ ይመላለስበታል። ስለዚህ ታሪካቸውን ማወቅ ያለፈውን ዘመን ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን ሕዝብ ኑሮ ጭምር ማወቅ ነው።

የአባይ ገደል

ከሸዋ በኩል ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ አባይን አቋርጦ ደጀን የሚደርሰው ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን አጭር ርቀት ለማለፍ ግን መንገደኛው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ደጋ በአንድ ቀን ውስጥ መውረድና መውጣት አለበት። ወንዙ ከአፋፉ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ከላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ ከታች በወበቅ ይተካል፤ የጤፉና የስንዴው ማሳ በግራርና በቆላ ቁጥቋጦ ይለወጣል።

ገደሉ የምድርን ታሪክ ገልጦ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአፋፉ ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ሲሆን፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ጂፕሰም፣ ወደ ወንዙም ሲቀርቡ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረው ይገኛሉ። የኖራ ድንጋዩ በጥንታዊ ባሕር ወለል የተከማቸ በመሆኑ፣ ዛሬ ገበሬው በበሬ የሚያርሰው ደጋ ከሥሩ የባሕር ቅሪት ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። ደጀን አካባቢ የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው።

አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ እንደ መቀነት ይዞራል። በዚህም ምክንያት የጎጃም ታሪክ በአብዛኛው የመሻገሪያ ታሪክ ነው። በበጋ ወራት ሰውና ከብት በመልካው ይሻገር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ በዚህና በዚያ ማዶ ያለውን ዘመድ ለወራት ይለያይ ነበር። ነጋዴው ሸቀጡን፣ ገዢው ጦሩን፣ ተማሪውም እግሩን የሚያንቀሳቅሰው የወንዙን ጠባይ ተመልክቶ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተሠራው የአባይ ድልድይ ይህን ሁኔታ በሸዋ በኩል ለወጠው፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያም በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተመርቆ አገልግሎት ጀመረ።

የሁለት ጎዳናዎች አገር

ደጀን ላይ ጎዳናው ለሁለት ይከፈላል። የግራው በሉማሜና በአምበር አልፎ ደብረ ማርቆስ ይገባል። አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ከጀርባዋ በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ተንጣሎ ይታያል፤ ከፊቷ ደግሞ አገሩ ቀስ በቀስ እየወረደ ወደ አባይ በረሃ ይሄዳል። የአምበርን ከተማ ከመኪና መስኮት አይቶ የሚያልፍ መንገደኛ አንዲት የጎዳና ዳር ከተማ ያየ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በተራራውና በበረሃው መካከል ያለው ይህ የእርሻ መሬት ጎጃምን የጤፍ አገር ያሰኘ፣ ነገሥታቱንና ደብሮቹንም የመገበ ምድር ነው።

ጮቄ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ ዛሬ የወንዞች እናት ነው። ሙጋ፣ ሱሐ፣ ቸሞጋ፣ ጠምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከጫፉ ተነሥተው በየአቅጣጫው ወርደው ወደ አባይ ይገባሉ። ከላይ ጅባራው፣ አስታውና ጓሳው ይገኛል፤ ዝቅ ሲል የገብስና የድንች ማሳ ይከተላል። የሕዝብ ቁጥር እየበዛ እርሻው ወደ ቁንጮው በመውጣቱ ግን ተራራው እየተራቆተ፣ አፈሩም በየክረምቱ ከወንዞቹ ጋር እየወረደ መምጣቱ አሳሳቢ ሆኗል። የጮቄ መራቆት በቀጥታ የሚነካው ከሥሩ ያለውን የአምበርን፣ የቢቸናንና የሞጣን ገበሬ ነው።

የዚህ ጎዳና ማረፊያ ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞ ስሟ ምንቆረር ነው። ከተማዋ ስመ ጥር የሆነችው ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ ወዲህ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ በየጁቤ አጠገብ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ከሰሜን በሚመጣው አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይለወጥበት ነበር። የሰው ልጅም በዚያው ገበያ እንደ ሸቀጥ ይሸጥ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በየጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ የጻፈው ዘገባ ለታሪክ ተመራማሪዎች ጠቃሚ ምንጭ ሆኖ ይገኛል።

ዲማና ደብረ ወርቅ

የቀኙ ጎዳና ከደጀን በየትመን አልፎ ቢቸና ይደርሳል። ቢቸና በአምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት የአርበኛው የበላይ ዘለቀ ምድር ነበረች። በላይ በዚህ አገር የገበሬውን ልጆች አሰባስቦ ወራሪውን እስከ ድል ቀን ድረስ ሲዋጋ ኖሯል። በኋላ ግን ከዘመኑ መንግሥት ጋር በመጋጨቱ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ተቀጣ። ያለ ደመወዝና ያለ መደበኛ ስንቅ ነፃነትን ያስከበረ ሰው በነፃነት ዘመን በገመድ መሞቱ በጎጃም ሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ ቁጭቱ ያልበረደ ጉዳይ ነው።

ከቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ከጎጃም ታላላቅ ገዳማት አንዱ ነው። መሥራቹ አባ ተከሥተ ብርሃን መሆናቸውን የገዳሙ ትውፊት ያስረዳል። ዲማ በይበልጥ የሚታወቀው በትምህርቱ ነው። ለምድ ለብሶ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ በየደጃፉ የሚለምን ተማሪ፣ ማታ በጎጆው ሆኖ የሚቆጥረው ቅኔ የዚህ አገር ዋነኛ ሀብት ነበር። የዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ አንድ ታላቅ ምንጭም ከዚህ ተቀድቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ያዋለው በዲማ ነው። መጽሐፉ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ በተተረከ ጊዜ፣ ዲማን በዓይኑ ያላየ ሰው ሁሉ ዲማን እንደሚያውቀው ሆነ። አንድ ሥፍራ በድርሰት ኃይል በሕዝብ ልብ ውስጥ ሲተከል ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከቢቸና ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደብረ ወርቅ ማርያም ከጉብታዋ ላይ ሆና ከሩቅ ትታያለች። ትውፊቱ አመሠራረቷን እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፤ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕልም በደብሩ በታላቅ ክብር ትጠበቃለች። ይህን የመሰለ ትውፊት ከታሪክ ሰነድ ጋር ማመዛዘን የተመራማሪ ድርሻ ነው። ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ አንድ የታሪክ ጉዳይ ነው፤ ሕዝቡ ቅርሱን ከጦርነትና ከእሳት እየሸሸገ ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው ይህ እምነት ስላለው ነውና። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕልም ማንበብ ለማይችለው ምእመን የመጽሐፍ ያህል ሲያገለግል የኖረ ነው።

የእቴጌ እሌኒ ደብር

ከዋናው ጎዳና ከጉንደ ወይን ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ መርጡለ ማርያም ያደርሳል። በዚህ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ በአገልግሎት ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመው የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ፣ በጎጃም ምድር ካሉት የጥንት ሕንፃዎች ሁሉ በላይ የታሪክ ክርክር የሚያስነሣ ነው።

ደብሩን ያነጹት እቴጌ እሌኒ ከሐድያ ገዢ ቤት ተወልደው ወደ አፄዎቹ ቤተ መንግሥት የገቡ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያን ፖለቲካ በእጃቸው የያዙ ንግሥት ናቸው። አፄ ልብነ ድንግል በልጅነት ሲነግሡ መንግሥቱን በሞግዚትነት አስተዳድረዋል። የቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር እየጎለበተ መምጣቱን ተመልክተው፣ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩትም እርሳቸው ናቸው። የዚያ ደብዳቤ መልስ የሆነው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደረሰ። ከጓዱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ንግሥቲቱ በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ስለ ነበረው በወርቅ የተሠራ መንበር በመጽሐፉ አውስቷል።

ያ የወርቅ ዘመን ብዙ አልቆየም። እሌኒ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካረፉ በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ አገሪቱን አዳረሰ፤ ደብሩም ተዘርፎ ተቃጠለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ አዲስ ሕንፃ አቆሙ። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ከአገር ተባረሩ። ሕንፃው ግን ከእነርሱ ጋር አልሄደም። ቻርልስ ቢክ ፍርስራሹን በ1842 እ.ኤ.አ. ተመልክቶ ስለ ተጠረበው ድንጋይና ስለ ጌጡ የጻፈው መግለጫ በ1847 ለንደን ላይ ታትሟል።

እንግዲህ የመርጡለ ማርያም ድንጋይ የማን ነው? የሐድያዋ ንግሥት አሠርታዋለች፤ ጦርነት አቃጥሎታል፤ የባሕር ማዶ ሰዎች መልሰው ጠርበውታል፤ ጎጃሜው ገበሬና ካህን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ጠብቆታል። አንዱን እጅ ብቻ ነጥሎ ሥራው የእርሱ ነው ማለት ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። በዝናብና በፀሐይ የሚገኝ ድንጋይ ግን የክርክሩን ማብቂያ አይጠብቅም። በየዓመቱ ሥር የሚሰድበት ዛፍና በስንጥቁ የሚገባው ውኃ ጌጡን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ሞጣ

ሞጣ በጎዳናው ጫፍ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራው ሞጣ ጊዮርጊስ በ18ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቿ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናት። ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ ታላቁን ራስ ኃይሉን ወለደች። በዚህ ጋብቻ የጎንደር ቤተ መንግሥት ጥበብ፣ የሥዕሉና የመጽሐፉ ሥራ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። እሌኒ በመርጡለ ማርያም፣ ወለተ እስራኤል በሞጣ፤ የዚህ ጎዳና ሁለት ታላላቅ ደብሮች በሴቶች እጅ መታነጻቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ሞጣና ቢቸና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የጎጃም ገበሬ ካመፀባቸው ሥፍራዎች ዋነኞቹ ነበሩ። ርስቱን ከጥንት የወረሰው ገበሬ ለቀላጅ አላስለካም ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር ካዘመተ በኋላ በመጨረሻ አሳቡን ለመተው ተገደደ።

ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ወደ አባይ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ጥንት የጎጃምንና የበጌምድርን ገበያ ያገናኝ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ በ1660 እ.ኤ.አ. ገደማ በአፄ ፋሲል ዘመን ከድንጋይና ከኖራ በብዙ ቅስት የተሠራ ድልድይ አለ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በሱስንዮስ ዘመን ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ከተሠራው ጋር እነዚህ ሁለት ድልድዮች የአባይ ጥንታዊ ድልድዮች ናቸው። ወንዙ በጠባብ የድንጋይ ቦይ ውስጥ ተጨንቆ በሚያልፍበት ሥፍራ መሠራቱ የግንበኞቹን ጥበብ ይመሰክራል፤ የሰው ኃይል የማይገታውን ጎርፍ ዓለቱ እንዲገታው አደረጉ።

ድልድዩ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ካገለገለ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ትልቁን ቅስት አፈረሱት። ድንጋዩን በእጃቸው ሲነቅሉ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከቅስቱ ጋር አብረው ገደል እንደ ገቡ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ግን ቅስቱን መልሶ የሚሠራ አልተገኘም። የሁለቱ ማዶ ሰዎች በፈረሰው ክፍት ላይ ገመድ ዘርግተው፣ መንገደኛውን በወገቡ አስረው እየጎተቱ ማሻገር ጀመሩ። ገበያተኛው ከነጓዙ፣ በሽተኛው ከነሕመሙ፣ እናት ከነልጇ ከአባይ በላይ በገመድ ላይ ተንጠልጥለው ያልፉ ነበር። ይህ ሁኔታ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ። በ2000 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶግራፍ ይህን ትዕይንት ለዓለም አሳየ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ባለሙያ ፎቶግራፉን አይቶ ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍቱ በብረት ተሸፈነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብረቱን ጎርፍ ሲወስደው በ2009 እ.ኤ.አ. በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግር ድልድይ ተሠራ።

በቦስኒያ አገር ሞስታር በተባለች ከተማ ኦቶማኖች በ1566 እ.ኤ.አ. የሠሩት የድንጋይ ድልድይ ነበር። በ1993 በጦርነት ፈረሰ፤ ዓለም ሁሉ አዘነለት፤ በብዙ አገሮች ርዳታም በ2004 እንደ ጥንቱ ተሠርቶ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሞስታር ያለ ድልድይ የቆየችው አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሰባራ ድልድይ ከዚያ ከአምስት እጥፍ በላይ ጠበቀ። የሞስታርን ድልድይ የጎረቤት ጠብ አፈረሰው፤ ሰባራ ድልድይን ግን የአገር ፍቅር ሰበረው። የነፃነቱን ዋጋ የከፈሉት በዚያ ቀን ገደል የገቡት ብቻ አልነበሩም፤ ከእነርሱ በኋላ ለሁለት ትውልድ በገመድ የተሻገሩትም አብረው ከፍለዋል።

የቅርሱ ዕጣ

በእነዚህ ሥፍራዎች ላይ የተጋረጠው አደጋ ብዙ ዓይነት ነው። የመርጡለ ማርያምን ድንጋይ ውኃና ሥር ያፈርሰዋል። የብራና መጻሕፍትን ስርቆትና የተደበቀ ንግድ ያሳድዳቸዋል፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲጠፋ የት እንደ ነበረ ማስረዳት አይቻልምና። የጮቄን ቁንጮ ሞፈር ደርሶበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በጎዳናውና በጎብኚው መካከል ሌላ ገደል ቆፍሯል፤ የእንግዳ መቅረት ትንሹ ጉዳት ሲሆን፣ ትልቁ ግን የአገሬው ሰላም ማጣት ነው።

ሰላም ሲመለስ መንገደኛም መመለሱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው፣ ቅርሱን ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ ነው። ለደብሩ የዕቃ ቤት መዝገብ፣ ለፍርስራሹ ጥላና የውኃ መውረጃ፣ ለጉባኤ ቤቱ ተማሪ ቀለብ፣ ለተራራው ገበሬ ሳያርስ የሚያድርበት ሌላ መተዳደሪያ ሳይዘጋጅ ጎብኚን ብቻ መጥራት፣ ቤትን ሳይጠርጉ እንግዳን እንደ መጋበዝ ይቆጠራል። ትውፊቱን ከሽማግሌዎች አፍ መመዝገብ፣ ሰነዱንም ከትውፊቱ ጎን አስቀምጦ ማመዛዘን የተማረው ትውልድ ዕዳ ነው።

ከሞጣ የሚወርደው ገበያተኛ ዛሬ በአዲሱ የገመድ ድልድይ ይሻገራል። ከአጠገቡ የፋሲል ዘመን ቅስቶች መሐላቸው እንደ ተከፈተ ቆመዋል። ያ ክፍት ሥፍራ ተደፍኖ ቢቀር ኖሮ የአርበኞቹ ሥራ ምልክት ባጣ ነበር፤ መሻገሪያ ሳይኖረው ቢቀር ደግሞ ሕዝቡ ለታሪኩ ሲል በተቸገረ ነበር። አሮጌው እንደ ምስክር፣ አዲሱ እንደ መንገድ ጎን ለጎን መቆማቸው ለምሥራቅ ጎጃም ቅርስ ሁሉ ምሳሌ ሊሆን የሚችል መፍትሔ ነው።